ስለ አንድ ጡረተኛ ፈረንጅ ኑሮ በቺያንግ ማይ ከተማ

በአገራችን ሹም ወይም ሠራተኛ ሸምግሎ ሥራውን ባስረከበ ጊዜ ወደ ተወለደበት ቀዬ ይመለሳል፤ ወይም ከልጆቹ ቤት አጠገብ ይጠጋል፤ ዕድሩንና ሰንበቴውን ይዞ፤ ከንስሓ አባቱ ሳይርቅ የቀረውን ዘመን ይጠብቃል። ልጆቹ አሜሪካ ሄደው እነርሱን የሚከተል ካልሆነ በቀር፤ ባሕር ተሻግሮ ቋንቋውን በማያውቀው ሕዝብ መካከል እርጅናውን ሊያሳልፍ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። በፈረንጆች ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በብርድና በጭጋግ አገር ሲሠራ የኖረ ሰው ጡረታ በወጣ ማግሥት ፀሐይ ወደማይጠፋበት፤ ቤትና ምግብ ወደሚረክስበት ወደ ቆላ አገር መሄድን እንደ ደመወዙ ቀሪ ይቈጥረዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚመርጡት የታይላንድን መንግሥት ነው።

እኛ ይህን ኑሮ በዐይናችን ለማየት የበቃነው በ2017 ዓ.ም. ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ቋንቋና የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ያስተማሩን አንድ እንግሊዛዊ መምህር አሉ። ከቄስ ትምህርት ቤት በቅርብ የመጣን ስለ ነበርን «ሚስተር» ማለቱ ለአፋችን አልለመደልን ብሎ «የኔታ» እንላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ስሙን ወደዱት፤ ዛሬም በደብዳቤያቸው ግርጌ የሚፈርሙት «የኔታህ» ብለው ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ዘጠኝ ሆኗል። ሚስታቸው ከሞቱባቸው በኋላ በሰሜን ታይላንድ በምትገኘው በቺያንግ ማይ ከተማ ሲቀመጡ ዐሥራ አንድ ዓመት ሞላቸው። በዚያ ዓመት በጥር ወር የጻፉልን ደብዳቤ እንዲህ የሚል ነበር፤ «ልጄ ሆይ፤ የኑዛዜዬን ነገር ሳልጨርስ መሞት አልፈልግም። ጠበቃ አለኝ። የሚያስፈልገኝ ግን የተናገርሁትን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚጽፍ ሰው ነው። ያንተ እንጀራ ደግሞ ይኸው ነው።» የአውሮፕላኑንም ዋጋ እርሳቸው ከፈሉ። እኛም የዓመት ፈቃዳችንን ከመሥሪያ ቤታችን ጠይቀን በባንኮክ በኩል አልፈን መጋቢት 29 ቀን ደረስን።

ቺያንግ ማይ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1296 ዓመት ንጉሥ መንግራይ የቈረቈራት ከተማ ናት። አሮጌው ከተማ በአራት ማዕዘን ቦይ ተከብቦ ይታያል፤ ከምዕራብ በኩል ዶይ ሱቴፕ የሚባለው ተራራ ይጠብቃታል፤ በምሥራቅ የፒንግ ወንዝ ይፈስሳል። ከፍታዋ ከባሕር ወለል 300 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፤ እኛ የሄድንበት ወር ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ የሚደርስበት ነው፤ የአዲስ አበባን አየር ለለመደ ሰው ቀትር ላይ መንገድ መሄድ አይቻልም። በዚያ ላይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ገበሬዎች ገለባውን፤ ሰደዱም ጫካውን ስለሚያቃጥል ከተማይቱ በጢስ ትታፈናለች። የኔታ በዚህ ወራት ይሳላሉ። ገንዘብ ያላቸው ጡረተኞች ጢሱ እስኪያልፍ ድረስ ወደ ደቡብ ወደ ባሕሩ ዳር ይወርዳሉ፤ የሌላቸው መስኮታቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ።

አንድ የገረመንን ነገር እንጨምር። በገበያው መካከል ስናልፍ ልጆች የኔታን ሲያዩ «ፋራንግ» ሲሉ ሰማን። የአዲስ አበባ ልጅ የሚለውን ቃል ከዚህ ሁሉ ርቀት በኋላ መስማታችን አሣቀን። ቃሉ የእኛው «ፈረንጅ» ወንድም ነው፤ ሁለቱም በፋርስና በዐረብ ነጋዴዎች አፍ ከፍራንኮች ስም የመጡ ናቸው። የዘመን አቈጣጠራቸውም እንደኛው ከፈረንጆቹ የተለየ ነው፤ ነገር ግን እኛ ወደ ኋላ ስንቀር እነርሱ ወደ ፊት ሄደዋል፤ እኛ 2017 ስንል እነርሱ 2568 ይሉ ነበር። የኔታ ሦስቱንም በአንድ ወረቀት ጽፈው ከግድግዳቸው ላይ ለጥፈውታል።

የኔታ ከንጋት በፊት ይነሣሉ። ገና ሳይነጋ መነኮሳቱ ባዶ እግራቸውን ተሰልፈው ምጽዋት የሚቀበሉበትን ማድጋ መሰል ዕቃ ይዘው በየበሩ ያልፋሉ። ሰው ጫማውን አውልቆ ሩዝና ፍሬ ከጨመረላቸው በኋላ ተንበርክኮ ምርቃት ይቀበላል። እኛ በልጅነታችን አኩፋዳችንን አንግተን፤ ውሻ እየከለከለን «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል ያደግን ስለ ሆንን፤ ሥርዓቱ ከእኛ ሃይማኖት የራቀ ቢሆንም ልባችን ተነካ። ልዩነቱ የእነርሱ መነኮሳት አንዲት ቃል ሳይለምኑ በዝምታ መቆማቸው ነው። የኔታ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ በሩን ግን አይዘጉም፤ ሠራተኛቸው ምጽዋቱን ስትሰጥ በረንዳ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

ከዚያ በኋላ ወደ ገበያ በእግር ይሄዳሉ። ቁርሳቸው ሩዝ ነው፤ የሰሜኑ ሰዎች በእንፋሎት የበሰለውን የሚያጣብቅ ሩዝ በጣታቸው ጠቅልለው ከወጡ እያጠቀሱ ስለሚበሉ ከእንጀራ አበላል ብዙ አይርቅም። ለእኛ ያስቸገረን ዐቢይ ጾም መሆኑ ነበር፤ ከዓሣ የሚሠራ ጨዋማ መረቅ በየምግቡ ውስጥ አለና። በመጨረሻ ሠራተኛይቱ «ጄ» የምትባል ቃል አስተማረችን፤ ሥጋም ዓሣም የማይነካው የጾም ምግብ በዚያ አገር እንዲህ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ አልተራብንም።

አንባቢው ይህን ሲሰማ ኑሮው ምንኛ የቀለለ ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን የውጭ አገር ጡረተኛ የሚኖረው በወረቀት ነው። ይህን በምንጽፍበት ጊዜ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ዕድሜው 50 ዓመት የሞላው ሰው በጡረታ ስም ለመቀመጥ በአገሩ ባንክ 800,000 ባት ማስቀመጥ፤ ወይም በየወሩ 65,000 ባት ገቢ እንዳለው ማስረዳት አለበት። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል። ከዚህም ሌላ በየ90 ቀኑ የሚኖርበትን ቤት ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማስታወቅ አለበት። ቀድሞ የእንግሊዝ ኤምባሲ የዜጋውን ገቢ በደብዳቤ ያረጋግጥ ነበር፤ በፈረንጆች ዘመን ከ2019 ጀምሮ ግን ይህን ትቶታል፤ ስለዚህ የኔታ ያጠራቀሙት ገንዘብ በባንክ ታስሮ እንዲቀመጥ ሆነ። በጡረታ የገባ ሰው ሥራ መሥራትም አይፈቀድለትም። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ከቤቱ ፊት ለፊት ትምህርት ቤት እያየ ጠመኔ መያዝ መከልከሉ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

መሬት መግዛትም ለውጭ ሰው የተከለከለ ነው። በትልልቆቹ ሕንፃዎች ውስጥ መኖሪያ ክፍል መግዛት ይችላል፤ ይህም ቢሆን የውጭ ሰዎች ድርሻ ከሕንፃው ስፋት ከመቶ 49 እንዳያልፍ ተወስኗል። ከሁሉ ይልቅ የኔታን የሚያስቈጣቸው የገዛ አገራቸው ነገር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በየዓመቱ ለጡረተኞች የሚጨምረውን ገንዘብ በታይላንድ ለሚኖረው አይጨምርም፤ በመጀመሪያ የተቀበለው ልክ እስኪሞት ድረስ እንደዚያው ይቆማል። ያው ሰው በፊሊፒንስ ቢቀመጥ ግን ጭማሪው ይደርሰው ነበር። «ቀረጥ ስከፍል የት እንደማረጅ የጠየቀኝ አልነበረም» ይላሉ።

አሁን ስለ ወዳጆቻቸው እንናገር። በከተማይቱ ያሉት ጡረተኞች አንድ ማኅበር አይደሉም። ከቀትር በኋላ ከመጠጥ ቤት ወንበር የማይነሡ አሉ፤ በእነዚህ ላይ ብዙ አንጽፍም። የአገሩን ሴት አግብተው ከዘመዶቿ ጋር የተቀላቀሉ አሉ። በየእሑዱ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚጸለይበት ቤተ ክርስቲያን የሚገናኙ አሉ። የዱሮው ሰው የሚሰበሰብበት ጂምካና የሚባል ክበብም አለ፤ በ1898 የእንግሊዝ የእንጨት ነጋዴዎችና ቆንስሎች የመሠረቱት ነው፤ የዚያ ዘመን ሰዎች ወደ ተራራው ወጥተው የቲክ ዛፍ እያስቈረጡ በወንዝ ያወርዱ ነበር።

የኔታ ግን ከሁሉ የሚወዱት የሐሙስ ጠረጴዛቸውን ነው። በአንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ በየሳምንቱ ስድስት ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ አንድ ደች፤ ሁለት እንግሊዞች፤ አንድ አውስትራልያዊ፤ ሁለት አሜሪካኖች። እኛም ሰባተኛ ሆነን ተቀመጥን። ወሬያቸው በመጀመሪያ ስለ ጉልበትና ስለ ደም ግፊት ነው፤ ቀጥሎ ስለ ገንዘብ ምንዛሪ፤ ቀጥሎ ስለ ኢሚግሬሽን ወረፋ፤ የፖለቲካ ወሬ በጠረጴዛው ሕግ ክልክል ነው፤ አንድ ጊዜ ብርጭቆ ስለ ተሰበረበት። ከመድረሳችን ዐሥር ቀን በፊት፤ መጋቢት 19 ቀን፤ በጎረቤት በምያንማር የተነሣው ታላቅ የምድር መንቀጥቀጥ ቺያንግ ማይንም አናውጦ ነበርና የዚያን ሐሙስ ወሬው ይኸው ነበር። ደቹ የሚኖሩት በዐሥራ ሁለተኛው ፎቅ ነው፤ ጉልበታቸው ስለ ታመመ ደረጃውን መውረድ አልቻሉም። «ምን አደረጉ?» ብለን ብንጠይቃቸው «ከወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሰዓቴን አየሁ» አሉን። ማንም በራቸውን አልቈረቈረም።

በጠረጴዛው ዳር አንድ ባዶ ወንበር ይቀመጣል። የእርሱ ባለቤት ካለፈው ዓመት በፊት የሞቱ ሽማግሌ ናቸው። ለብቻቸው ይኖሩ ነበርና በሞቱ በሦስተኛው ቀን ተገኙ። በዚያ አገር ሥርዓት የውጭ ሰው በሞተ ጊዜ ፖሊስ መዝገብ ይከፍታል፤ ለኤምባሲው ይነገራል፤ ኤምባሲውም የቅርብ ዘመዱን ፈልጎ ሬሳውን ማን እንደሚረከብ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ሬሳው ከሆስፒታል አይወጣም። እኒህ ሰው የልጆቻቸውን አድራሻ ለማንም አልነገሩም ነበር። ስድስት ዓመት በየሐሙሱ አብረዋቸው ቡና የጠጡት ወዳጆቻቸው የልጃቸውን ስም እንኳ አያውቁም ነበር። ሬሳው ሰባት ሳምንት ተቀመጠ።

ይህን ሲነግሩን እኛ ስለ ዕድር አስረዳናቸው፤ ድንኳን እንዴት እንደሚተከል፤ ጡሩምባ ነፊው እንዴት እንደሚጠራ፤ ከቀብር የቀረ ሰው እንዴት እንደሚቀጣ። መቀጫው በጣም ደስ አሰኛቸው። ከዚያ ቀደም እነርሱም በራሳቸው አሳብ አንድ ነገር አድርገው ነበር፤ እያንዳንዱ የፓስፖርቱን ግልባጭ፤ የዘመዱን ስምና ስልክ፤ እንዴት መቀበር እንደሚፈልግ ጽፎ በፖስታ አሽጎ ለቡና ቤቱ ባለቤት ሰጥቷል። ሴትዮዋም ፖስታዎቹን ከስኳሩ ቆርቆሮ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አኑራቸዋለች። በየጠዋቱም አንዱ ለአንዱ በስልክ መልእክት ይሰዳል፤ እስከ አራት ሰዓት ያልመለሰ እንደ ሆነ የቀረበው ሰው ሄዶ በሩን ያንኳኳል። በጽሕፈት ቤታችን ከምናውቃቸው ጡረተኞች መካከል በትልቅ ግቢ ለብቻቸው የሚያድሩ ጥቂቶች አይደሉምና ይህችን ነገር ማስታወሻችን ላይ ጻፍናት።

ሚያዝያ 5 ቀን ለእኛ ሆሣዕና፤ ለእነርሱ ሶንግክራን የተባለው የዘመን መለወጫ ሆነ። በዓሉ በየዓመቱ በፈረንጆች ኤፕሪል 13 ይጀምራል፤ ይኸው ቀን የሽማግሌዎች ቀን ተብሎ ተወስኗል። ወጣቱ በየመንገዱ ውኃ ይረጫጫል፤ እኛም እንደማንኛውም ሰው ረጠብን። በየቤቱ ግን ሌላ ሥርዓት አለ። ታናናሾቹ ወደ ታላላቆቹ ቀርበው፤ በመዳፋቸው ላይ አበባ የተነከረበት ውኃ አፍስሰው በዓመቱ ውስጥ ስላሳዘኑዋቸው ነገር ይቅርታ ይለምናሉ፤ ሽማግሌውም ይመርቃል። የኔታን ጎረቤቶቻቸው «ሉንግ» ይሏቸዋል፤ ከአባት የሚበልጥ አጎት ማለት ነው። በዚያን ቀን ከዐሥራ አምስት የማያንሱ ልጆችና ጎልማሶች መጥተው በእጃቸው ላይ ውኃ አፈሰሱ። የኔታም የመረቁት በአማርኛ ነበር። «በታይ ቋንቋ መመረቅ አላውቅበትም፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ምርቃት የሚባል ነገር የለም» አሉን።

በዚያው ማታ ኑዛዜውን ጀመርን።

ነገሩ ያስቸገራቸው በገንዘቡ ብዛት አይደለም። በእንግሊዝ አገር ያለው ቁጠባና መጻሕፍታቸው ለአንድ ልጃቸው እንዲሆን ቀድሞ ወስነዋል። ጭንቀታቸው ስለ ሠራተኛቸው ነው። ሴትዮዋ አምሳ ዓመት ያለፋት መበለት ናት። ዐሥራ አንድ ዓመት አብስላላቸዋለች፤ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ከአልጋቸው አጠገብ ምንጣፍ ዘርግታ አድራለች። ከባንኩ ገንዘብ 300,000 ባት፤ የቤቱን ዕቃና ሞተር ብስክሌቷን ሊሰጧት ፈለጉ። የጠረጴዛው ወዳጆቻቸው ግን ሁለት ሆኑ፤ ግማሾቹ «ይገባታል» ሲሉ፤ አውስትራልያዊው በአገሩ ሴት ስም ቤት ሠርተው ከቤቱም ከሴቲቱም የተለዩ ናቸውና «ተው፤ እኔን እይ» ይሏቸው ነበር። ልጃቸውም ከእንግሊዝ አገር በምትጽፈው ሁሉ «ወደ እኔ ና፤ በዚያ የሚጦርህ ማን ነው?» ትላለች። ስለ ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ጠይቃ መልስ አላገኘችም። የኔታ የፈሩት ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ይህን መስመር አንብባ ያልሆነ ነገር እንዳታስብና ሴትዮዋን በክስ እንዳታስጨንቃት ነው።

«ወደ አገርዎ ለምን አይመለሱም?» ብለን ደፍረን ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ብለው «በዚያ ሽማግሌ ነኝ፤ በዚህ ሉንግ ነኝ» አሉ።

በታይላንድ ሕግ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ ቀኑ ተጽፎበት፤ ተናዛዡ በአንድ ጊዜ በተገኙ ቢያንስ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈርማል፤ ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር መሆን አይችልም። በእኛ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለመቀበል ሥልጣን ያለው ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ይህን ስንናገር የኔታ ሣቁ። እኛ ከቃላቸው ጻፍን፤ ጠበቃቸው በሁለቱ ቋንቋዎች አዘጋጀው፤ የሐሙሱ ጠረጴዛ አራት ሰዎች ተጠሩ። ለሕጉ ሁለቱ ይበቁ ነበር፤ አራቱም ፈረሙ፤ አውስትራልያዊው ሳይቀሩ።

ከመፈረሙ በፊት ግን አንድ መስመር ላይ ብዕራችን ቆሞ ነበር። የሴትዮዋን ሙሉ ስም ብንጠይቃቸው የኔታ አላወቁትም። የታይላንድ ሰዎች በመዝገብ ከሚጻፈው ስማቸው ሌላ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚጠሩበት አጭር የቤት ስም አላቸው፤ የእርሷ ትርጓሜው «ትንሿ» ማለት ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ብቻ ጠርተዋታል። መታወቂያዋን እንድታመጣ በተጠየቀች ጊዜ ፖሊስ የመጣ መስሏት ደነገጠች። የኔታ ረጅሙን ስም ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያም በገዛ እጃቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት።

ስለ መቃብራቸውም ተናገሩ። ከክበቡ አጠገብ ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በ1898 የሰጡት የውጭ አገር ሰዎች መካነ መቃብር አለ፤ የንግሥት ቪክቶሪያም ሐውልት ከመካከሉ ቆሟል። አብረን ሄደን አየነው፤ ሣሩ ታጭዷል፤ ዛፉም ጥላ አለው። ከዚያም ወደ ከተማይቱ ደቡብ፤ የአሜሪካ ሚሲዮናዊው ዶክተር ማኪን በ1908 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ወደ መሠረቱት ቦታ ወሰዱን፤ ዛሬ ለሽማግሌዎች መጦሪያም ሆኖ ያገለግላል። ጉልበታቸው እንቢ ባለ ጊዜ ወደዚያ ሊገቡ ስማቸውን አስመዝግበዋል። «ሚሲዮን አስተማረኝ፤ ሚሲዮን ቀጠረኝ፤ ሚሲዮን ይጡረኝ» ብለው ሲቀልዱ ሠራተኛቸው ያሉትን ሳታውቅ ጃንጥላውን በራሳቸው ላይ ዘረጋችላቸው።

በመጨረሻው ማታ ለልጃቸው የሚላከውን ደብዳቤ ጻፍን። እርሳቸው እየተመላለሱ ተናገሩ፤ እኛ ጻፍን፤ አንዲት ቃል አልጨመርንም። ሴትዮዋ በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ስሟ ተጠራች። ስለ ሆስፒታሉ፤ ስለ ምንጣፉ፤ ስለ ገንዘቡም ልክ ሁሉ ተነገረ። ሚያዝያ 9 ቀን ተነሥተን ለስቅለት አዲስ አበባ ገባን።

መልሱ የመጣው በሰኔ ነው፤ የኔታ ግልባጩን ላኩልን። ልጃቸው ስለ ገንዘቡ አንዳች አልተናገረችም። ጢሱ በሌለበት፤ አየሩ በሚቀዘቅዝበት በኅዳር ወር ለሦስት ሳምንት እንደምትመጣ ጽፋ፤ ከታች ሴትዮዋን በሙሉ ስሟ ጠርታ፤ ከእንግሊዝ አገር ምን ላምጣላት ብላ ጠየቀች። የኔታም ሴትዮዋን ጠየቋት። እርሳቸው ባጭር እጅጌ ሸሚዝ በሚወጡበት በዚያ የኅዳር ጠዋት ለእርሷ ብርድ ነውና፤ ለሹራብ የሚሆን የበግ ጠጉር ክር፤ ቀለሙም ሰማያዊ እንዲሆን ለመነች።